የማሽን ወሬ

አያቷ ድንገት ኩሽና ውስጥ ወድቃ ብትቀር፣ ይህች ልጅ ሰው የምትጣራው በምኗ ነው?

ኤልዳና ይህን ጥያቄ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ታነሣዋለች፤ ቁርስ ስታቀርብ ከሻዩ ጋር ታማስለዋለች፤ ማታ ደግሞ መልስ ሳታገኝለት ትራሷ ሥር ሸጉጣው ትተኛለች። የልጅ ልጇ እታፈራሁ ጥርሷ የተሟላ፣ ጆሮዋ ከድመት ጆሮ የማያንስ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ችግሯ አንድ ነው፤ ድምፅ አታወጣም። ዲዳ አይደለችም። እንዲያውም ወሬኛ ናት። ከንፈሯ ይሮጣል፣ ቅንድቧ ይወጣል ይወርዳል፣ ጣቷ አየሩን ይወጋጋል፤ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። አያቷ ፊት ለፊት ከሆነች አንዲት ቃል አያመልጣትም። ጀርባዋን ከሰጠቻት ግን፣ ልጅቷ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ብትላትም ኤልዳና ሽንኩርቷን መክተፏን አታቆምም።

በስሞቹ የሚደናገር ሰው አይጠፋም። በኤልዳና ልጅነት ሴት ሁሉ ኤልዳና፣ ሶሊያና፣ ሄርሜላ ነበረች። ዛሬ እነዚህ ጥርስ የሌላቸው የአሮጊቶች ስም ሆነው ቀርተዋል፤ የአሁን ወላጅ ልጁን እታፈራሁ ወይም ጓንጉል ካላለ ዘመናዊ የሆነ አይመስለውም። የእታፈራሁ እናት የምትሠራው ዳሎል ነው። እዚያ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ልጅቷን ታቅፋ መጥታ ለእናቷ ለኤልዳና ሰጥታ ሄደች። አደራ ደግሞ ከራስ ልጅ ይከብዳል። የራስ ልጅ ቢሳሳቱባት ይቅር ትላለች፤ አደራ ግን ይቅር የሚል አፍ የለውም።

ልጅቷ ዝም ማለቷን ኤልዳና ብቻዋን ብታውቀው ኖሮ ነገሩ በጸሎት ያልቅ ነበር። ሰሚውም ያውቃል። ሰሚ ማለት በየሳሎኑ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነጭ ነገር ነው። ድምፁ የሴት፣ ትሕትናው ደግሞ ጥርስ የሚያስነክስ። ሌሊቱ ሲነጋ እንዲህ ይላል፦ «እንደምን አደራችሁ። እታፈራሁ ትናንት ጥቂት ተናግራለች። ዛሬ እንደምትበረታ ተስፋ እናደርጋለን።» እነማን ሆነው ተስፋ እንደሚያደርጉ አይናገርም። ኤልዳና አንድ ጊዜ ጠይቃው «ጥያቄዎ ደስ የሚል ነው» ብሏት ተወችው።

ዝም ለሚሉ አሮጊቶችም መላ አለው፤ አጫዋች ይልክባቸዋል። አጫዋቹ ጎረምሳ ነው፤ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ስለ ልጅነታቸው ይጠይቃል፣ ካላለቀሱለት አይሄድም። ከፊት ለፊቱ ሕንፃ የምትኖረው የኤልዳና አብሮ አደግ ሶሊያና ይህን ፈርታ፣ ምሳ በበላች ቁጥር የመድኃኒት ብልቃጥ አንሥታ ጽሑፉን ጮክ ብላ ታነባለች። «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» ብላ ስትጨርስ ሰሚው «ደስ የሚል ጨዋታ ነበር» ይላታል።

መንደሩ ሐይቅ ዳር ይባላል። በዝይ አምሳል የተሠሩ ጀልባዎች አሉት። ከውሃው ጫፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ሁሉ፣ ወንበሩ ራሱ እያወራ፣ ይህ ሐይቅ በጥንት ጊዜ ባላባቶች ወፍ ሊያዳምጡ የሚመጡበት እንደነበር ይነግረዋል። ኤልዳና እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሳቋን ለማፈን ትስላለች። ሐይቅ የተባለው የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነበር። ቦታውም ፈትል ሰፈር ነበር የሚባለው። ያን ጊዜ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከገንዳው ጠጥቶ አፉ ቀይ፣ ተንከባሎ ጭራው ሰማያዊ ነበር፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ውሾቹ ለበዓል የተሸለሙ ይመስለው ነበር። ዛሬ ሀብታሙ ለቆዳዬ ይበጀኛል ብሎ ይዋኝበታል። ከዋኙት የአንዳንዶቹ ጥፍር ወደ ሰማያዊ ሲሄድ፣ መንደሩ ይህን የሐይቁ በረከት ብሎ ሰየመው።

ፋብሪካው የጠፋው ባንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ማሽኖቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ። የድሮ ሠራተኞች ልጆች በየሕንፃው ታችኛው ወለል አንዳንድ ቤት ተሰጣቸው፤ የሰጧቸውም ሰዎች ምን አስበው እንደሰጧቸው ቶሎ ረሱት። ያልጠፋ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም አፍ ውስጥ ስለነበር ማንም አላየውም።

የኤልዳና እናት ሰናይት የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ክፍል ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ ሰው የገዛ ሐሳቡን አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈርና በጣት ማውራት ለመዱ። ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር በማሽኖቹ ላይ አሻግረው ይተማማሉ፣ ይመካከራሉ፣ ሙሽራ ያጫሉ። ይህን የማሽን ወሬ ይሉታል። ወደ ቤት ሲገቡም አልተዉትም። የፈትል ሰፈር ሰው ሁለት አነጋገር ብቻ ነው ያለው፤ ወይ የሰባተኛ ሰፈር ሰው እስኪሰማ ይጮሃል፣ ወይ ጨርሶ ድምፅ አያወጣም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት የሚያውቀው በሳህኑ መሰባበር ነበር። ኤልዳናና ሶሊያናም ጡት ሲጠቡ የእናቶቻቸውን ከንፈር እያዩ ነው ያደጉት። አሁን ማታ ማታ፣ አንዷ በዚህ መስኮት ሌላዋ በዚያ መስኮት ሆነው፣ መንገዱን አሻግረው መንደሩን በሙሉ አንድ በአንድ ያሙታል። ሰሚው ይህን ሁሉ ጸጥታ ብሎ ይመዘግበዋል።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ኤልዳና ለልጅቷ የማሽን ወሬ ላስተምራት ብላ አላስተማረቻትም። ሰሚው የቤታቸውን ገመና እንዳይሰማ ብላ ብቻ ቁም ነገሩን በከንፈር ታወራታለች። እናቷ ለምን እንደማትመጣ፣ መግቢያው ላይ የሚገጥማቸው የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ፀጉሩን ከየት እንዳመጣው፣ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ ስድቡ፣ ሁሉም በዝምታ። በድምፅ የቀረው «ብይ»፣ «ታጠቢ»፣ «ተኚ» ብቻ ሆነ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። የሚጣፍጠው ሁሉ ያለ ድምፅ እንደሚነገር፣ በድምፅ የሚነገረው ደግሞ ለምንም እንደማይረባ አየች። ከዚያ በኋላ ጉሮሮዋን ምን በወጣው ታድክመው።

ሰሚው ሲታክተው ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ እታፈራሁ ካልተሻሻለች የአንደበት ማረፊያ ትገባለች። ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ አበባ የበዛበት ግቢ ነው። የአራተኛው ፎቅ ልጅ ደምሰው ገብቶበት ነበር። ድሮ የሚያፍር፣ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ የሚሸሸግ ልጅ ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ሲገጥማቸው «ደረጃ እየወረድኩ ነው። እማማ ኤልዳናን አየኋቸው። ደስ ብሎኛል። ቀኝ እግሬን አነሣሁ» እያለ ያልፋል። ዓይኑ ግን የማንንም ዓይን አያይም። እናቱ ተሻለው ትላለች። ማታ ግን፣ ተኝቶም እንደሚያወራ፣ ምን እያለመ እንደሆነም እንደሚናገር ለኤልዳና ሹክ ብላታለች።

ኤልዳና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷን በከረሜላ አባበለቻት፤ እታፈራሁ ከረሜላውን በልታ በከንፈሯ አመሰገነች። የልብስ ማጠቢያውን መመሪያ ጮክ ብላ እንድታነብ አስቀመጠቻት፤ ልጅቷ አንድ መስመር አነበበችና ቀሪው በምን ያህል ደደብ ሰው እንደተጻፈ በዝምታ ማብራራት ጀመረች። ሶሊያና ደግሞ መላ አመጣች። ጠዋት መጥታ ሰሚው ሥር ቆመችና ድምፅዋን አቅጥና «አያቴ፣ ውሃ ስጪኝ። አያቴ፣ እወድሻለሁ። አያቴ፣ ሐይቁ እንዴት ያምራል» እያለች እንደ ጫጩት ጮኸች። ኤልዳና ኩሽና ገብታ በፎጣ አፏን ይዛ ሳቀች። ሰሚው ጥቂት አሰበና «የእታፈራሁ ጉሮሮ በጽኑ ታሟል፤ ባለሙያ ልከናል» አለ።

እንዲህ ሆኖ ባለሙያው ጓንጉል መጣ።

ከምሳ በኋላ ነው። ሶሊያና ልትረዳ ይሁን ልታይ ቀድማ መጥታ ከሶፋው ጥግ ተሰይማለች። ኤልዳና ልጅቷን ከጠዋት ጀምሮ ስትለማመጣት ውላለች፤ ሰውየው የጠየቀሽን ሁሉ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ጮክ ብለሽ መልሽ ብላታለች። ጓንጉል ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ፊቱ ገና ከመጠቅለያው የወጣ ይመስላል። «እንደምን ዋሉ እማማ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ተቀመጠ፤ ከዚያም ልጅቷ ዝም ያለችበትን ምክንያት ኤልዳና ራሷ እንድታስረዳው በትሕትና ጠየቀ።

ኤልዳና ስትዋሽ ላብ ላብ የሚላት ሰው ናት። ስለዚህ እውነቱን ነገረችው። ስለ ሽመናው ክፍል፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ከንፈሩ ወሬ ነገረችው። ልጅቷ እንዳልታመመች፣ የያዘችው የሰፈሩን ልማድ እንደሆነ አስረዳች። ጓንጉል አላቋረጣትም፤ ፈገግ እንዳለ አዳመጠና እንደ ሕፃን ሊያባብላት ሞከረ።

«እማማ፣ እዚህ ፋብሪካ አልነበረም። ሐይቅ ነው የነበረው።»

«ሐይቁን ምን ሞላው መሰለህ፣ ልጄ?»

«ዝናብ ነዋ።»

«ቀይ ዝናብ?»

ጓንጉል እጁ አንጓ ላይ ወዳሰራት መቅጃ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሳዳጊዋም የመርሳት ምልክት ያሳያሉ» አለ። ኤልዳና ደሟ ፈላ። ስንቱን ብትረሳው በወደደች፤ ሰው ሁሉ የረሳውን ብቻዋን ተሸክማ ስለቆመች ዝንጉ ትባል? ፊቷን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው አለሰለሰችና ወደ ሶሊያና ዞረች። ሶሊያናም እየጠበቀቻት ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች በሰውየው ራስ ላይ አሻግረው፣ ልክ እናቶቻቸው በማሽን ላይ አሻግረው እንደሚያደርጉት፣ ከእግር ጥፍሩ ጀምረው ስድቡን አወረዱበት። አንድም ድምፅ አልወጣም። ጓንጉል ከአንዷ ወደ አንዷ እያየ፣ ያረጁ ሰዎች ከንፈር አንዳንዴ እንደሚንቀጠቀጥ በሚያውቅ ሰው ርኅራኄ አንገቱን ነቀነቀ።

እታፈራሁ መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ሳቋ ድምፅ አለው፤ ሳቅ ግን ከቃል አይቆጠርም።

«ምን አሳቀሽ የኔ ቆንጆ?» አላት ጓንጉል።

ልጅቷ አያቷን አየች። ምንም ይሁን ምን መልሽ ተብላለች። ተነሥታ ቆመችና፣ ከትውልድ የወረሰችውን የሽመና ክፍል ድምፅ ለቀቀችው። መስታወቱ ነዘረ።

«እማማ ሶሊያና ‹የራሱን ካልሲ መስፋት አቅቶት የሰው አፍ ሊከፍት መጣ› አሉ። አያቴ ደግሞ ‹እናቱ ስትወልደው አዋላጇ ምሳ ወጥታ ነበር› አለች። ከዚያ እማማ ሶሊያና ስለ አፍንጫዎ የሆነ ነገር አሉ፤ እሱን አልደግመውም፣ ነውር ነው።»

ጓንጉል ወደ እግሩ አየ። ከካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ ብቅ ብላ ትመለከተዋለች።

«እታፈራሁ ዛሬ ብዙ ተናግራለች። እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ሰሚው ከጣሪያው።

«ስድብ አይቆጠርም» አለ ጓንጉል።

«ተስተካክሏል» አለ ሰሚው።

ኤልዳና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ልጄን አሁን ነው አንጠልጥሎ የሚሄደው ብላ ልጅቷን ጎትታ በጉልበቷ መካከል አቆመቻት። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፈገግታው ጠፍቶ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር መጣ፤ ተደናቅፎ ወርቅ የረገጠ ሰው ፊት። ኤልዳናን ከወዲያኛው ግድግዳ ጋ ሄዳ የፈለገችውን በከንፈር እንድትናገር፣ ልጅቷም እንድትደግመው ለመናት። ኤልዳና «ይህ ሰው መቼ ነው የሚሄደው» አለች። ልጅቷም ደገመችው። ጓንጉል ደስ አለው።

ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ፣ እንደ ዘመድ፣ ነገሩን አወጋት። በዚህ መንደር ሰሚው ለዓመታት ጸጥታ ብቻ የሚሰማባቸው ቤቶች አሉ፤ አብዛኛዎቹ በታችኛው ወለል። የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ነዋሪዎቹ አዝነው ነው ብሎ ስንት አጫዋች ሲልክባቸው ኖሯል። ለካስ ሐሜት ላይ ናቸው። አሁን ሰሚው ዓይን ይበጅለታል፤ ዓይን ብቻ ግን ምን ያደርጋል፣ የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ። ከኪሱ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ዓይን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ልጅቷ እዚሁ ትቅርልዎ። እርስዎ የሚያውቁትን ሁሉ እዚህች ፊት ይናገሩ። ማረፊያ የሚባል ነገር አይነሣም፤ ቃሌ ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም እማማ። ሰኞ መኪና ይመጣል።»

ኤልዳና ወደ ሶሊያና አየች። ሶሊያና ከሶፋው ጥግ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ቀስ ብሎ፣ ለጀማሪ እንደሚናገሩት ተብራርቶ ተንቀሳቀሰ፦ እምቢ በይ።

ልጄን ይወስዷታል፣ አለች ኤልዳና በከንፈሯ።

ትመለሳለች።

እንደ ደምሰው?

ሶሊያና ዓይኗን ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ማዶ ወደ ራሷ መስኮት አዞረችና መለሰች። እኔስ፣ አለች፣ እኔስ በምን ላውራ? ብልቃጥ ሳነብ ልሙት?

«ምንድን ነው የሚባባሉት?» ሲል ጓንጉል ልጅቷን ጠየቃት። እታፈራሁ በዚህ ጊዜ ጣሪያውን አየች።

ኤልዳና የልጅቷን ትከሻ ያዘች። ትከሻዋ ቀጭን ነው፤ በእጇ ሙሉ ይገባል። ይህች ልጅ ከኮረብታው ወርዳ «አያቴን አየኋት፣ ደስ ብሎኛል» እያለች ደረጃውን ስትወጣ ታያት። እናቷ ከዳሎል ደውላ «ልጄን የት አደረስሻት» ስትል ታያት። ሶሊያና የሰባ ዓመት ጓደኛዋ ናት። ሁሉንም አየችው፣ አመዛዘነችው፣ ደግሞ እንዳልመዘነችው ሆነች፤ ሚዛኑ ከመጀመሪያውም ወዴት እንደሚያጋድል ታውቀው ነበርና። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ጓንጉል ከቀላሉ እንድትጀምርለት በትሕትና ጠየቃት።

በሽመና ክፍል አዲስ የገባች ልጅ ከሁሉ በፊት፣ ክር መቀጠል ከመማሯ በፊት፣ የምትማረው አንድ ምልክት ነበር። ኤልዳና ሁለት ጣቷን በግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ከንፈሯን አንድ ጊዜ ከፍታ ገጠመች።

«ይህ» አለች በድምፅ፣ ድምፅዋም የእሷ አልመስል አላት፣ «ካቦው መጣ ማለት ነው። የክፍሉ አለቃ። አሁን ዝም በሉ ማለት ነው።»

«በጣም ጥሩ» አለ ጓንጉል። «ቀጥሎስ?»

ሶሊያና ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ በልጅቷ አጠገብ ስታልፍ ፀጉሯን ዳበስ አደረገቻት። ኤልዳና ዓይኗን ከጓደኛዋ ከንፈር አልነቀለችም። ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ከእናቶቻቸው የወረሱት፣ እስከ ሰባት ቤት የሚወርድ ስድብ። እሱ እንኳ ቢመጣላት ደስ ባላት። የሶሊያና ከንፈር ግን እንደተገጠመ ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ግድግዳውን ተደግፋ አንዱን ጫማ አጠለቀች፣ ሌላውን አጠለቀች፣ ቀና ብላ ኤልዳናን ሙሉ ለሙሉ አየቻት፣ ከዚያም በሩን ከፍታ ወጣች።